የጨርቆስ ግቢያችንን በካርቶን ላይ መልሰን ስንሠራ

ነገሩ የተጀመረው ለቅሶ ቤት ነው።

የድሮ ጎረቤታችን አርፈው ለቀብር ተሰባስበናል። ጨርቆስ የነበረው ግቢያችን ከፈረሰ ቆይቷል። ሰዉ አንዱ ጀሞ፣ አንዱ የካ አባዶ፣ አንዱ ቱሉ ዲምቱ፣ አንዱ ኮዬ ፈጨ ኮንዶሚኒየም ገብቷል። ዕድሩ ግን አልፈረሰም። ሰው ሦስት ታክሲ ቀይሮ ለድሮው ዕድር ይመጣል። ድንኳን ውስጥ ንፍሮ ይዘን ተቀምጠን ሳለ አንዲት እናት፣ «ከሟች ቤት ቀጥሎ የማን ቤት ነበር?» አሉ። ሦስት ሰው ሦስት መልስ ሰጠ። አንዱ የሊስትሮው ቤት ነው አለ። አንዷ የለም፣ የሊስትሮውማ ከሽንት ቤቱ ጎን ነበር አለች። ሌላው ሁለታችሁም ተሳስታችኋል ብሎ ከወንበሩ ተነሣ።

አጠገቤ ባዶ የውሃ ካርቶን ነበረ። ገነጠልኩና መሬት ላይ ዘረጋሁት። እስክርቢቶ ተዋስኩ። «እሺ፣ የግቢው በር እዚህ ይሁን። ከዚያስ?» አልኩ። እስከ ማታ ድረስ ካርቶኑ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አመሸ። ሐዘንተኛዋ ልጅ ሳትቀር ከፍራሹ ተነሥታ መጣችና የእናቷ ምድጃ የት እንደነበር በጣቷ አሳየችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ሥራ ይዤዋለሁ። ሰፈራቸው የፈረሰባቸው፣ ወይም በቅርቡ ትነሣላችሁ የተባሉ ሰዎች «እንዴት ጀመርሽው?» እያሉ ይጠይቁኛል። ስለዚህ የሠራሁትንም፣ የተሳሳትኩትንም እንዳለ ልንገራችሁ። ይጠቅማችኋል ብዬ አምናለሁ።

ሰፈሩን ለማታውቁት፣ ጨርቆስ ከለገሃር ጀርባ ያለ የሠራተኛ ሰፈር ነው። ስሙን ያገኘው ከቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። የጂቡቲው መስመር አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ይረዝም ነበር። ለእኛ ለልጆቹ ግን ባቡሩ ሰዓት ነበር። እናቴ የማታውን ፉጨት ስትሰማ ሽሮውን ትጥዳለች። አባቴ መፍቻዎቹን የሚጠራቸው በፈረንሳይኛ ስማቸው ነበር። ሌላ ፈረንሳይኛ ግን አያውቅም። ለገሃር የሚለው ስም ራሱ የፈረንሳይኛ ነው፤ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። አካባቢያችን ያሉት ላንቻና ፖፖላሬ ደግሞ ጣልያን ጥሎት የሄደው ስም ናቸው። ያኔ ማናችንም ይህን አናውቅም ነበር። ስም ነው፣ እንጠራዋለን፣ አለቀ።

ግቢያችን ውስጥ 11 ቤት ነበረ። ጭቃ ቤት፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ፣ ግድግዳው ጋዜጣ የተለጠፈበት። ማንበብ የለመድኩት ከዚያ ግድግዳ ላይ ነው። ከአልጋዬ ራስጌ የነበረው ገጽ ተገልብጦ ስለተለጠፈ ዛሬም የተገለበጠ ጽሑፍ ያለ ችግር አነባለሁ። በየቤቱ የነበረውን ሥራ ልቁጠርላችሁ። የባቡር ሠራተኛ፣ ልብስ ሰፊ፣ ጠላ ሻጭ፣ የአውቶቡስ ቲኬት ቆራጭ፣ ጉልት የምትቸረችር፣ ሊስትሮ፣ የሌሊት ዘበኛ፣ እንጀራ እየጋገረች የምትሸጥ። የቀሩትን ሦስት ቤቶች ለማወቅ ብዙ ወር ፈጅቶብኛል።

መጀመሪያ የሠራሁት ስህተት አጠያየቄ ነው። ደብተር ገዝቼ፣ ቀጠሮ ይዤ፣ ጀሞ ድረስ ሄጄ «ድሮ ሰፈራችን እንዴት ነበር?» እል ነበር። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው። «ኧረ ድሮማ ፍቅር ነበር! ያለው ለሌለው ያካፍላል። የአንዱ ልጅ የሁሉም ልጅ ነው።» ሁለተኛውም እንደዚያው። አምስተኛውም እንደዚያው። ውሸት አይደለም፣ እውነት ነው። ግን ደብተሬን ቤት ወስጄ ሳነበው ምንም የሚታየኝ ነገር የለም። ማንም የትም ሰፈር ስለ ልጅነቱ የሚለው ነው። የእኛ ግቢ የት አለ?

አንድ ቀን ደክሞኝ ልነሣ ስል፣ እግረ መንገዴን «የቦኖው ቁልፍ ማታ ማታ ማን ጋ ነበር የሚያድረው?» ብዬ ጠየቅኩ። እናትየዋ ቡናቸውን አስቀመጡ። ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩ።

ቦኖ ማለት ለማታውቁት፣ መንገድ ዳር ያለ የሰፈሩ የጋራ ቧንቧ ነው። ውሃ በሳንቲም ይሸጣል። የእኛዋን ሻጭ ሁላችንም «እማማ ቦኖ» ነበር የምንላቸው። ቁልፉን በክር አድርገው አንገታቸው ላይ ከማተባቸው ጋር ያንጠለጥሉታል። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። አንዳንዴ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ይመጣል። ያኔ እማማ ቦኖ ደጅ ለደጅ እየዞሩ በር ያንኳኳሉ። የሚያንኳኩት ግን በተራ አይደለም። መጀመሪያ አራስ ያለበት ቤት፣ ቀጥሎ በሽተኛ ያለበት፣ ቀጥሎ ጠላ የምትጠምቀዋ ጋ፣ ምክንያቱም እሷ ውሃ ካጣች የሳምንት ገቢዋ ይቀራል። ይህን ሕግ ማንም አልጻፈውም። እኔም በዚያ ግቢ ሳድግ አላወቅኩትም። የእኛ ቤት ለምን መጨረሻ ላይ እንደሚንኳኳ ሳማርር ነበር ያደግኩት። አባቴ ደሞዝተኛ ስለሆነ ኖሯል። ደሞዝተኛ መጠበቅ ይችላል ተብሎ ነው።

ፍቅር ነበር ያሉት እንግዲህ ይህን ኖሯል። ሲጠየቁ ግን ፍቅር የሚለውን ብቻ ነው የሚያወጡት።

ስለዚህ መጠየቂያዬን ሁሉ ወደ ዕቃ ቀየርኩት። ቁልፉ የት ነበር? ዘነዘናው የማን ነበር? የሰርግ ድስት ከየት ነበር የምንዋሰው? ማን ቴሌቪዥን ነበረው፣ ማንን ነው የሚያስገቡት? የተሰበረ ወንበር ማን ይሠራ ነበር? ስለ ስሜት ከጠየቃችሁ ሁሉም ሰው የለመደውን ይመልስላችኋል። ስለ አንድ ባልዲ ብትጠይቁ ግን ባልዲው መቀደዱን፣ በሬንጅ መደፈኑን፣ የደፈነው ሰው ቀጥሎ ማንን እንዳገባ ሳይቀር ይነግሯችኋል።

ሌላው የረዳኝ ሁለት ሰው አንድ ላይ ማስቀመጥ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሲያወራ ያሳምረዋል። ሁለት ከሆኑ ይከራከራሉ። የቦኖ ውሃ ዋጋ ላይ ሁለት እናቶች ተጣልተውብኛል። አንዷ ለባልዲ አምስት ሳንቲም ነው አሉ፣ አንዷ አሥር ነው አሉ። እኔ ማን ትክክል እንደሆነ ለማጣራት ስሞክር ነገሩ ተገለጠልኝ። አንዷ የሚያስታውሱት የመጀመሪያ ልጃቸው ሲወለድ ነው፤ ሌላዋ ደግሞ ከገጠር ዘግይተው የመጡ ናቸው። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ያልተስማሙበትን ነገር አትሰርዙት። ሁለቱንም ጻፉት፣ ማን እንዳለው ጭምር።

እናቴ ላይ የደረሰብኝ ደግሞ ሌላ ነው። እናቴ ዛሬ ብዙ ነገር ይጠፋባታል። ስለ ሰጋቱራ ምድጃ ስጠይቃት «እኔ እንጃ፣ ረሳሁት» አለችኝ። የሰጋቱራ ምድጃ የድሃ ቤት ጌጥ ነበር። ከሰል ሲወደድ፣ ላምባ ሲጠፋ የሚያድነን እሱ ነው። ሰጋቱራውን እኔ ነበርኩ ከእንጨት መሰንጠቂያው በጆንያ ተሸክሜ የማመጣው።

እንጨት ቤት ሄጄ አንድ ፌስታል ሰጋቱራ ለመንኩ። ትልቅ የቀለም ጣሳ ፈልጌ ከሥሩ በጎን በኩል ቀዳዳ አስበሳሁ። ባዶ ጠርሙስም ጨመርኩ። እናቴ ፊት አስቀመጥኩትና ዝም አልኩ። አየችው። ነጠላዋን አጣፋች። ጠርሙሱን ጣሳው መሃል አቆመችው። አንድ ዱላ በጎኑ ቀዳዳ አስገብታ ከጠርሙሱ ግርጌ ጋር አገናኘችው። ሰጋቱራውን ትንሽ ውሃ ረጭታ በዙሪያው መጠቅጠቅ ጀመረች። በእፍኟ ታስገባለች፣ በጡጫዋ ትረግጣለች። እስከ አፉ ሞላ። ከዚያ ጠርሙሱን መሳብ ጀመረች። አልጎተተችውም። ወዲህና ወዲያ እያሽከረከረች፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ቀስ አድርጋ አወጣችው። በፍጥነት ከወጣ ይናዳል። መሃሉ ላይ ቀጥ ያለ ጉድጓድ ቀረ። ዱላውንም አወጣችው። «አሁን ጭራሮ በሥሩ ታስገቢና ትለኩሺዋለሽ። እስከ ማታ ይነድልሻል» አለችኝ። የረሳችው አፏ ነው። እጇ አልረሳም።

ስለዚህ አሁን ወደ ሽማግሌዎች ስሄድ ዕቃ ይዤ እሄዳለሁ። የከሰል ካውያ፣ ኩራዝ፣ የድሮ ሽልንግና ስሙኒ፣ በረባሶ ጫማ። ያስያዝኳቸውን ዕቃ እያገላበጡ ሲያወሩ እጃቸውን በስልኬ እቀርጻለሁ። ፊታቸውን መቀረጽ የሚያፍሩ ብዙ ናቸው፤ እጃቸውን ግን ማንም አይከለክልም።

አሁን ወደ ካርቶኑ ልመለስ። ግቢውን ስንስለው መሃል ላይ ከሌሎቹ ሰፋ ያለ አንድ ቤት ነበረ። በረንዳ ያለው። የግቢው ባለቤት የነበሩት ሴትዮ ቤት። የግቢው ቤቶች በሙሉ ድሮ የእሳቸው ነበሩ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ፣ አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ አንዱ ቤት ለመኖሪያ ተተወላቸው፤ ሌሎቹ ተወረሱ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች ነበር የተሰጡት። የእኛዎቹ ሁሉም ቀበሌ ገቡ። እናቴ ያስቀመጠችው ካርኒ ላይ የእኛ ኪራይ በወር 6 ብር ከ50 ሳንቲም ይላል።

ለእናትና አባቴ ያ አዋጅ እፎይታ ነው። ኪራይ ቀነሰ፣ ውጡ የሚል ጠፋ። በዓል በመጣ ቁጥር ሲያነሡት እሰማ ነበር። ባለቤቷ ግን ከዚያ በኋላ ባለው ዘመን ሁሉ የራሳቸው ከነበሩት ቤቶች መሃል ኖሩ። ልጅ ሆነን «ኩሩ ናቸው» እንላቸው ነበር፣ ከሰው ስለማይቀላቀሉ። ይህን ሥራ ስጀምር እሳቸው አርፈዋል። ልጃቸውን ፈልጌ አገኘኋት። መጀመሪያ ልታናግረኝ አልፈለገችም። በሦስተኛው ስሄድ ካርቶኑን አሳየኋት። ብዙ አየችውና፣ «እዚህ ጋ የኮክ ዛፍ ነበር፤ እናቴ ናት የተከለችው» አለች። ከሁላችንም አንዳችን ያንን ዛፍ አልሳልነውም። ፍሬውን ግን ሁላችንም በልተናል። ሳይፈቀድልን።

ይህን የምነግራችሁ ለምን መሰላችሁ? ሰው ሰፈሩን ሲያስታውስ የሚሄደው ወደሚወዳቸው ሰዎች ቤት ነው። ካርታው በአንድ ወገን ብቻ ይሞላል። ያልተወደዱትን፣ የተጣላችኋቸውን፣ ዳር የቆሙትን ሂዱባቸው። እኔ ዘግይቼ ነው የሄድኩት።

ቆጣሪው የነበረው በባለቤቷ ቤት በር ላይ ነው። አንድ ቆጣሪ ለ11 ቤት። ሂሳቡ በአምፖል ይከፈላል። አንድ አምፖል ያለው አንድ ድርሻ፣ ሬዲዮ ያለው ትንሽ ጨምሮ። በኤሌክትሪክ መተኮስ ክልክል ነው። አንድ ሰው ተደብቆ ካውያ ከሰካ የሁሉም አምፖል ይደክማል። ያኔ ከየቤቱ «ኧረ ማነው?» የሚል ድምፅ ይነሣል። ማን እንደሆነም ወዲያው ይታወቃል፣ በማግስቱ ልብሱ የተተኮሰ ሰው ነዋ። ጭቅጭቁ ከባድ ነበር። የማይነጋገሩ ቤቶች ነበሩ። ውሃ በመደፋቱ፣ በልጆች ጠብ፣ ሽንት ቤት የማጽዳት ተራ በመዝለል። ሽንት ቤቱ አንድ ነው፤ ሲሞላ መምጠጫ መኪና ለማስመጣት ብር ማዋጣት አለ። ያላዋጣ ሰው ስም ለዓመት ይነሣል። ይህንም ጻፉት። ሠላሳ ዓመት ሳይነጋገሩ ኖረው በአንድ ዕድር ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን ሽንኩርት የሚልጡ ሁለት ሴቶች አውቃለሁ። ጠቡን ካወጣችሁት ሽንኩርቱ ምንም አይናገርም።

ስለ ዕድር ጡሩምባ ሳልናገር አላልፍም። ንጋት ላይ ነው የሚነፋው። ገና ጨለማ ነው፣ ወፍ አልተንጫጫም። አንድ ረጅም ድምፅ ይመጣል። ከዚያ ጥሩምባ ነፊው «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይልና የሟቹን ስም ይጠራል። ከመጀመሪያው ድምፅ እስከ ስሙ ድረስ ባለችው ጊዜ ግቢው በሙሉ ትንፋሹን ይይዛል። እኔ ከብርድ ልብስ ሥር ሆኜ የማውቃቸውን ሽማግሌዎች አንድ በአንድ እቆጥር ነበር፣ እሳቸው አይሁኑ፣ እሳቸውም አይሁኑ እያልኩ። የዕድሩ መዝገብ ዛሬም አለ። ማን መቼ እንደገባ፣ ማን ቀብር ቀርቶ እንደተቀጣ፣ ማን መቼ እንዳረፈ ተጽፏል። የሰፈራችሁን ታሪክ የሚያህል ሰነድ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ የዕድራችሁን ጸሐፊ ጠይቁ። እኔ ሦስቱን የጠፉብኝን ቤቶች ያገኘኋቸው እዚያ ነው።

ልጆች የሚያውቁት ግቢ ደግሞ ሌላ ነው። ወንድሜ ካርቶኑን አይቶ «ይሄ የትልልቅ ሰዎች ግቢ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ትልልቆቹ በር ነው የሚያውቁት። እኛ የምናውቀው ቀዳዳ ነው። ከሊስትሮው ቤት ጀርባ ባለው የቆርቆሮ አጥር ላይ ልጅ የሚያሾልክ ቀዳዳ ነበረች። በእሷ ወጥተን ሐዲዱ ዳር እንሄዳለን። ቆርኪ ሐዲድ ላይ እናስቀምጣለን፤ ባቡሩ ሲያልፍ ጠፍጥፎ ሳንቲም ያስመስለዋል። ወንድሞቼ የካልሲ ኳስ የሚጫወቱት እዚያው ነው። እኛ ሴቶቹ ሱዚና ሰኞ ማክሰኞ። ክረምት ሲገባ ሜዳው ጭቃ ስለሚሆን ወደ ብይ እንመለሳለን። የቀዳዳዋ ጠርዝ ሹል ነበር። የግቢያችን ልጆች ግማሾቻችን ግራ ትከሻችን ላይ ያው አንድ ዓይነት ጠባሳ አለን። አንድ ቀን ሰርግ ላይ ትከሻዋ የተገለጠ ሴት ከኋላዋ አየሁና በጠባሳው ነው የለየኋት። ሃያ ዓመት ተጠፋፍተን ነበር።

ስለዚህ ለልጆቹ ብቻ ሁለተኛ ካርታ አሠራሁ። የትልልቆቹን ሳላሳያቸው። እናንተም ብትሞክሩት ደስ ይለኛል።

አሁን ከባዱን ልንገራችሁ። የእኛ ዕድሜ ልጅነት ኳስና ብይ ብቻ አልነበረም። ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ በኋላ አፈሳ የሚባል ነገር ነበረ። ወጣት ወንድ ከመንገድ፣ ከቤት ይወሰዳል። ታላቅ ወንድሜ አንድ ሌሊት ከኮርኒሱ በላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር ባለው አግዳሚ እንጨት ላይ ተጋድሞ አደረ። ጉንፋን ይዞት ነበር። ሰዎቹ ግቢ ሲገቡ እናቴ ሙቀጫ አውጥታ ቡና መውቀጥ ጀመረች። በዚያ ሌሊት። ወንድሜ ሲስል እሷ ትወቅጣለች። የቡናው ፍሬ አልቆ ባዶ ሙቀጫ ነበር የምትወቅጠው። በማግስቱ አቡጀዲው እግሩ ያረፈበት ቦታ ላይ ተቀድዶ ነበር። እናቴ የያዘችው ክር ቀይ ብቻ ስለነበረ በቀይ ክር ሰፋችው። ቤቱ እስኪፈርስ ያ ቀይ ስፌት አልጋዬ ላይ ሆኜ ይታየኝ ነበር።

ከዚያ በፊት የነበረው፣ የ1969 እና የ1970 ዓ.ም. ነገር፣ ደግሞ የባሰ ነው። ቀይ ሽብር ሲሆን እኔ ሕፃን ነበርኩ። አንዲት እናት ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የወጣት ፎቶ ነበረ። ስለ ቦኖው፣ ስለ ሰርጉ፣ ስለ ሁሉም እየሳቁ ሲነግሩኝ ቆይተው፣ ፎቶውን እያየሁ «እሱስ?» አልኩ። «እሱን ተይው ልጄ» አሉኝ። ስልኬ እየቀዳ ነበር። አጠፋሁት። ቡና ደገሙልኝና ስለ ሌላ ነገር አወራን። ካርታው ላይ በእሳቸው ቤት ውስጥ አንዲት ክፍል ባዶ ናት። እዚያ ምንም አልጻፍኩም። እሳቸው ካልፈለጉ ማንም አይጽፍባትም። ከመቅዳታችሁ በፊት አስፈቅዱ፤ መሃል ላይ ሰው ፊቱ ከተለወጠ ደግሞ ሳትጠየቁ አጥፉ። የተፈቀደ ነገር እንኳ ወዲያው ሊከለከል ይችላል።

የጎዱኝን ነገሮች ልንገራችሁና ተጠንቀቁ። ስልኬ ታክሲ ውስጥ ጠፋብኝ። የአራት ሰው ድምፅ አብሮ ጠፋ። ሦስቱን መልሼ ጠየቅኳቸው። አራተኛው አባት ግን በመሃሉ አርፈዋል። ቀጠሮ ይዘን ነበር። ዛሬም ሳስበው ያመኛል። ከዚያ ወዲህ የቀዳሁትን በዚያው ምሽት ለወንድሜ እልካለሁ፣ ቤት ያለው ኮምፒውተር ላይም እጭናለሁ። ስሙን፣ ቀኑንና ቦታውን ድምፁ መጀመሪያ ላይ ራሴ እናገራለሁ። ፋይሉ ስሙ ቢቀየር እንኳ ማን እንደሆነ ይታወቃል።

ፎቶም እንደዚሁ። በየቤቱ በፌስታል የታሰሩ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች አሉ። ባለቤቶቹ ሲያልፉ ልጆቹ ማን ማን እንደሆነ አያውቁም። ቤተሰብ ሲሰበሰብ አውጧቸው። ከጀርባው ላይ በእርሳስ ጻፉ። እስክርቢቶ ቀለሙ ወደ ፊት ይወጣል፤ እኔ ሁለት ፎቶ አበላሽቻለሁ። በስልክ ስታነሡት መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን አድርጉት፣ ፍላሽ አጥፉ። ፎቶውን ለባለቤቱ ያኔውኑ መልሱ። «ነገ አመጣዋለሁ» አትበሉ።

ወረቀትም አትናቁ። የኪራይ ካርኒ፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ የስኳርና የሳሙና ኩፖን፣ የተማሪ ካርድ፣ የዕቁብ ደብተር። እናቴ ዕቃ ስታወጣ ልትጥለው የነበረ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው ያ 6 ብር ከ50 የሚለውን ካርኒ ያገኘሁት። ሰፈራችሁ ገና ካልፈረሰ ደግሞ እባካችሁ ዛሬውኑ ሄዳችሁ በየቤቱ በር ፊት ቆማችሁ አንሱት። ሰው ካልፈለገ በሩን ብቻ። ከበሩ ወደ ቦኖው በእርምጃ ለኩ። እኔ አሁን ስንት እርምጃ እንደነበረ ለማወቅ የማላደርገው ነገር የለም። ባልዲ ተሸክሜ ስንት ሺህ ጊዜ ሄጄበታለሁ፤ አንድ ቀን ግን አልቆጠርኩትም።

የመጀመሪያው ካርቶን ዛሬ ወይቦ ጠርዙ ተልጧል። በትልቅ ወረቀት ላይ ገልብጨዋለሁ። ለቅሶ ሲኖር ይዤው እሄዳለሁ፤ ሰው ሲቀመጥ እዘረጋዋለሁ። እያንዳንዱ ሰው አንድ ነገር ያርማል። ባለፈው አንዷ ዶሮ ቤቱን ሁለት እርምጃ ወደ ግራ አስገፋችኝ።

የዚያን ዕለት አንድ ዘጠኝ ዓመት የሚሆነው ልጅ አጠገቤ መጥቶ ተንበረከከ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው ያደገው። ጨርቆስን አያውቀውም። ልጆቹ የሠሩት ካርታ ላይ ጣቱን ሲያስኬድ ቆየና ከሊስትሮው ቤት ጀርባ ቆመ።

«ይቺ ቀዳዳ ወዴት ነው የምታስወጣው?» አለኝ።

«ወደ ሐዲዱ» አልኩት። «ግን ስትሾልክ ግራ ትከሻህን ዝቅ አድርግ።»